ከኩሽናው በር እስከ አጥሩ

የአዲስ አበባ ግቢ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ለእንግዳ ነው፤ ጽጌረዳው፣ ሣሩ፣ የመኪና ማቆሚያው እዚያ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ቁራሽ መሬት ግን የቤተሰቡ ነው። ልብስና በርበሬ ይሰጣበታል፣ ዶሮ ትጭርበታለች፣ የዕለቱ ወጥም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እዚያ ነው። ጓሮ የምንለው ይህን ነው። ስፋቱ ከአንድ ክፍል ባይበልጥም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያንን ሥርዓት ዓመቱን ሙሉ የሚከተል ሰው በየዕለቱ የሚያገኘውን ደስታ ለማያውቀው ማስተዋወቅ እፈልጋለሁ።

ሥርዓቱ የሚነሣው ከርቀት ነው። እጅ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገው ተክል ለኩሽናው በር ይቀርባል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሳር ከደጃፍ አይርቁም። ቡናው ሊቀዳ ሲል ብቅ ብሎ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቀንጥቦ መመለስ ጫማ መቀየር አይጠይቅም። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር፣ በሶብላ ሽሮና በርበሬ ሲሰናዳ ይፈለጋል። መካከሉ የመደብ ቦታ ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ይበቅልበታል። አጥሩ ሥር ደግሞ ቦታ የሚይዙትና ብዙ እንክብካቤ የማይሹት ይቆማሉ፤ ጌሾ፣ ዳማ ከሴ፣ አጥሩን ይዞ የሚወጣ የዱባ ሐረግ። አጥር ሁለት ቤት የሚያዋስን በመሆኑ እዚያ የበቀለ ነገር የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጥቶ «እትዬ፣ እማዬ ትንሽ ዳማ ከሴ ይስጡኝ ብላለች» ሲል፣ እዚያ ቤት ምች የመታው ሰው መኖሩን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ለምድር ወገብ በመቅረቧ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፓ ያለ አትክልተኛ ወቅቱን የሚለየው በብርሃኑ ርዝመትና በሙቀቱ ሲሆን እኛ ዘንድ ወቅት የሚለየው በዝናብ ነው። በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ጓሮ ያለው ሰው ቀኖቹን በቃሉ ባይዛቸውም ከአፈሩ ያውቃቸዋል።

ብዙ ሰው የአትክልት ወቅት ክረምት ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። በክረምት ጓሮው የሰማዩ ነው፤ ሰማዩ ያጠጣል፣ ሰማዩ ያበቅላል፣ ሲፈልግም በአሥር ደቂቃ በረዶ የቆስጣውን ቅጠል ሁሉ ወንፊት ያደርገዋል። ሰው የሚሠራው ውሃው እንዳይተኛ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ ቦይ ማውጣት፣ አረም መንቀል ነው። ቲማቲም በዚህ ጊዜ ያበሳጫል፤ ቅጠሉን ከጫፍ ጀምሮ የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ እርጥበትና ብርድ ይወዳልና ፍሬው ሳይቀላ ግንዱ ያልቃል። ቀንድ አውጣም የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በጣም የሚጎዳው ደግሞ ማታ በመሆኑ ባትሪ ይዞ ወጥቶ ከጎመኑ ሥር መልቀም ነው።

ቢሆንም ክረምት ሌላ ወቅት የማይሰጣቸው ሁለት ደስታዎች አሉት። አንዱ አረም ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ መሬቱ ስለሚለሰልስ አረሙ ሲጎተት ከነሥሩ ይወጣል፤ በበጋ በዶማ የሚያታግለው ሰርዶ እንኳ እጅ ይሰጣል። ሌላው ዱባ ነው። ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ የሴቷ ከአበባው ሥር ትንሽ ድብልብል ፍሬ ስላላት ወዲያው ትለያለች። ዝናብ ሲበዛ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ የአበባው ዱቄት ካልደረሳት ደግሞ ያቺ ትንሽ ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ስለዚህ ጠዋት አበባው ክፍት ሳለ የወንዱን ቀጥፎ፣ ቅጠሎቹን አንሥቶ፣ መሐሉን በሴቷ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። በሳምንቱ ፍሬዋ ማበጥ ከጀመረች ተሳክቷል ማለት ነው። የንብን ሥራ ሠርቶ ውጤቱን እንደማየት የሚያስደስት ነገር በጓሮ ውስጥ ጥቂት ነው።

ከጓሮው ሁሉ ስለ ጎመን ረዘም አድርጎ ማውራት ይገባል፤ የቤቱ ዋና ተክል እሱ ነውና። የሐበሻ ጎመን የምንለው፣ ዘሩ ጎመን ዘር ተብሎ የሚታወቀው ተክል የተገኘው ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል ነው፤ አንዱ ጥቁር ሰናፍጭ፣ ሌላው የጥቅል ጎመን ወገን። በ1935 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ዉ ጃንግ ቹን ይህን በክሮሞሶም ቆጠራ አስረድቷል። የጥቁር ሰናፍጭ ጥንድ ክሮሞሶም 8፣ የጥቅል ጎመን 9፣ የሐበሻ ጎመን ደግሞ የሁለቱ ድምር 17 ነው። ዛሬ በብዙ አገር ለዘይቱ የሚዘራው ይህ ተክል ከጥንት ጀምሮ በእኛ ደጋ ላይ ሲበላ ኖሯል። አንድም የሚጣል ነገር የለውም። ጠቅጠቅ ተደርጎ ይዘራና ቡቃያው ሲሳሳ የተነቀለው ራሱ ድስት ይገባል፤ ለስላሳ ስለሆነ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየተለቀመ ለሳምንታት ይበላል። ሊያብብ ሲል ያወጣው ለጋ ግንድ ተልጦ ይበላል። ዘሩ ደግሞ ተወቅጦ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ከሱ ጎን የጉራጌ ጎመን የሚባለው አለ፤ ግንዱ እየረዘመ ከዓመት በላይ ሲለቀም ይኖራል፣ ሊተካ ሲፈለግም ከጎኑ ያቆጠቆጠውን ቆርጦ መትከል ይበቃል። ሁለቱንም የያዘ ጓሮ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አያጣም።

የጎመን ጠላት ክሽክሽ ነው። ቅጠሉን ከጀርባ ገልበጥ ሲያደርጉት አመድማ ሆኖ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ገና ሲጀምር በጣት መጥረግ፣ ከበዛ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያም የምድጃ አመድ ነስነስ ማድረግ የቆየው ዘዴ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየገለበጡ ማየት ልማድ ሲሆን ክሽክሹ ሳይበዛ ይደረስበታል። እግረ መንገዱንም ሰው በየቀኑ የሚለወጠውን ሁሉ ያያል፤ ትናንት ያልነበረ ቡቃያ፣ ሌሊት የተከፈተ አበባ፣ ዶሮዋ የጫረችው መደብ።

መስከረም ሲጠባ የክረምቱ ልፋት ይከፈላል። በበልጉ ዝናብ የተዘራው በቆሎ እሸት ይደርሳል፤ ተቀንጥቦ ወዲያው ከሰል ላይ የተቀመጠ እሸትና ከገበያ የመጣ እሸት አንድ አይደሉም፤ ስኳሩ ከተቀነጠበ ሰዓት ጀምሮ ወደ ስታርችነት እየተለወጠ ይሄዳልና። ድንችም የሚቆፈረው ያኔ ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይጻፋል፤ ዛሬ ግን ልጆችን ወደ ጓሮ ለማምጣት ከሱ የተሻለ የለም። ምን እንዳለ ሳይታወቅ በእጅ አፈር መቆፈርና የተገኘውን መቁጠር ይወዳሉ። መደቡ ጠርዝ ላይ አደይ አበባ ብቅ ብላ ከሆነ እኔ አልነቅላትም። በሙያው ቋንቋ አረም ናት፤ ዘንድሮም መምጣቷ ግን ደስ ይለኛል።

ኅዳር 12 ቀን ከተማው በጢስ ይሞላል። ልማዱ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። የጓሮው ደረቅ ቅጠል፣ የበቆሎው አገዳና የዱባው ሐረግ ግን ባይቃጠሉ እመርጣለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ከኩሽና ጥራጊ፣ ከትንሽ ፍግና ከአፈር ጋር እያፈራረቁ ደርድሮ፣ አልፎ አልፎ እርጥብ እያደረጉና እያገላበጡ ቢቆዩ፣ ግንቦት ላይ መሬቱ ሲገለበጥ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ብስባሽ ሆኖ ይገኛል። የሚቀጥለው ዓመት ጎመን የሚበላው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የኔ ወቅት ይጀምራል። በበጋ ጓሮው የባለቤቱ ነው፤ ያላጠጣው አይበቅልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ውሃውን ከሥር ከሥር እያወረዱ መዞር የቀኑ መልካም ጅምር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ስሌት ይጠይቃል። አትክልት የታጠበበት ውሃ አይደፋም፣ ሮቶ ያለው ከሮቶው፣ የሌለው ከጀሪካን ይቀዳል። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ማልበስ ውሃውን በግማሽ ያህል ያቆጥባል ብል ማጋነን አይመስለኝም። መጠጣት አለመጠጣቱን የሚናገረው ጣት ነው፤ ላዩ ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ለነገ ይቆያል።

በዚህ ወቅት አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይታያል። በ9 ዲግሪ ላይ ስለምንኖር የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ አናት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ በክረምት ጥላ የነበረው የቤቱ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር በበጋ ፀሐይ ይመታዋል፣ ሰሜናዊው ደግሞ ጥላ ይሆናል። ቲማቲምና ቃሪያን በበጋ ከደቡቡ ግድግዳ ሥር፣ ሰላጣን ከሰሜኑ የተከለ ሰው ሁለቱንም ደስ ያሰኛል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚመልስ ለቲማቲሙ ሌላ ጥቅም አለው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርቱ ነውና። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ውርጭ የሚመታው በመጀመሪያ የግቢውን ረባዳ ክፍል ነው፤ እዚያ ያለ ችግኝ ማታ ጆንያ ቢለብስ ጠዋት ይገለጥለታል።

ወፎችም የሚቀርቡት በደረቁ ጊዜ ነው። ጭራቸው ከአካላቸው የረዘመ ቡናማ ወፎች በመንጋ መጥተው ለጋ ሰላጣ ይጨርሳሉ፤ ለነሱ አሮጌ መጋረጃ መጋረድ ነው። ሬት ያበበ እንደሆነ ግን ማሯን የምትመጥ ረጅም ቀጭን መንቁር ያላት ወፍ ትመጣለች። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ስትመታው ወይን ጠጅ ያንጸባርቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የተከዜ ወንዝ ስም አለበት።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ደረቅ ወራት ይውላል። ገበያ ላይ ቅጠል በሚወደድበት ጊዜ ከጓሮ ለእራት የሚበቃውን ብቻ ቆርጦ መግባት፣ ነገም እዚያው እንደሚያቆጠቁጥ እያወቁ መቁረጥ፣ የበጋን ድካም ሁሉ ያስረሳል። አንድ ሁለት ጎመን ሳይለቀሙ መተው ግን ያስፈልጋል። ቢጫ ያብባሉ፣ ንቡ ይወርርባቸዋል፣ ቆባቸው ሲደርቅ ተቆርጠው በጨርቅ ላይ ይወቀጣሉ። ከአንድ ተክል የሚገኘው ዘር ለአንድ ቤት ስለሚበዛ ለጎረቤት ይታደላል። በልጉ ሲመጣ በቆሎውና ዱባው መሬት ይገባሉ፣ እጁም ወደ ዶማው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባና የመሰሏት ደጋዎች ጓሮ ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ጓሮ ሌላ ትርጉም አለው፤ በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ቤቱን የከበበው እንሰት የቤተሰቡ ዋና ምግብ ነው፤ ተተክሎ ለመድረስም ዓመታት ይፈልጋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም እንሰት፣ ቡናና ዛፍ አብረው በሚኖሩበት በዚህ የአተካከል ጥበብ ነው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ ጎኑ የተቀደደ ጀሪካን፣ ከታች የተበሳ ባልዲ ወይም አፈር የተሞላ ጆንያ ይበቃል። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላና ቆስጣ ይሆናሉ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ክረምትን ባይጠብቅ እመክራለሁ። ጥቅምት ላይ ይጀምር፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ አረሙም ቀንሷል። ቆስጣ ይዝራ። የቆስጣ ዘር የምትመስለው በውስጧ ከአንድ በላይ ዘር ስላላት ከአንዲት ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አይደንግጥ፣ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ያንሣ። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ይተው። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው የውጪውን ቅጠል መቁረጥ ይችላል፤ የነቢያት ጾም ሳይፈታ ይደርስለታል።