የመንገደኛ ዋጋ

አዲስ አበባ፣ አብነት አካባቢ ሱቅ የሚከራይ ሰው ለግድግዳው ብቻ አይከፍልም። ከሰባተኛ የሚወርደው፣ ከልደታና ከዳርማር የሚመጣው፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከቀላል ባቡሩ የሚራገፈው ሰው በበሩ ስለሚያልፍ ኪራዩ ይንራል። ወደ መርካቶ ጠጋ ሲባል ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ነጋዴ ሱቁን ሲለቅ ከተረካቢው «የቁልፍ» ብሎ የሚቀበለው ገንዘብ የዕቃ ዋጋ አይደለም፤ እዚያ በር ላይ መቆም የለመደ እግር ዋጋ ነው።

የማኅበራዊ ሚዲያ ግብይት ይዞት የመጣው ተስፋ ይህን እግር ያለ ቁልፍ ማግኘት ይቻላል የሚል ነበር። ካሜራ ያለው ስልክ፣ ትንሽ ዳታ፣ ትንሽ ትዕግሥት፤ ሰዉ ራሱ ይመጣል ተባለ። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የታየው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ሰው መሰብሰብ አንድ ሥራ፣ የተሰበሰበውን ሰው ገዢ ማድረግ ሌላ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱን አጣምሮ የሚሠራ አንድ መድረክ እስካሁን አላየሁም።

ሰውን በይዘት ሰብስቦ የመሸጥ ዘዴው ራሱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው የእርሻ መሣሪያ አምራች ጆን ዲር «ዘ ፈሮው» የተባለውን የገበሬ መጽሔት ማሳተም የጀመረው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። የፈረንሳዩ ጎማ አምራች ሚሽሊን በ1900 እ.ኤ.አ. ለባለ መኪናዎች ሆቴልና ጋራዥ የሚጠቁም መጽሐፍ በነፃ አደለ፤ ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል። የመርካቶን ጎማ ተራ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ስሌት ማብራራት አያሻም። በእኛም አገር አዲስ ዘመንን ለጨረታ፣ ሪፖርተርን ለሥራ ማስታወቂያ ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ዜናውን ያነበበው እግረ መንገዱን ነው። ማስታወቂያን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ፊታውራሪዎች አንዱ የአንበሳ ማስታወቂያ መሥራች ውብሸት ወርቃለማሁ ነበሩ። ኤፍኤም ሬዲዮ ሲበዛ ደግሞ አዘጋጁ አድማጭ የሚያፈራበት፣ ድርጅቱ አዘጋጁን የሚደግፍበት የ«ስፖንሰር» ሥርዓት ተተከለ። ዛሬ ዩትዩብና ቲክቶክ ላይ የምናየው አብዛኛው ውል የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው።

ፌስቡክ በኛ አገር ተከታይን ወደ ገዢ በመለወጥ ረገድ መጀመሪያ የተሳካለት በልብስ ወይም በስልክ ንግድ አይደለም፤ በሥነ ጽሑፍ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። የአሌክስ አብርሃም ታሪኮች በነፃ ሲነበቡ የቆዩት ፌስቡክ ላይ ነው። «ዶ/ር አሸብር እና ሌሎችም» ታትሞ ሲወጣ አንባቢው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የ«ባርቾ» ደራሲ ሕይወት እምሻውም በዚሁ መንገድ መጥታለች። ያን ጊዜ አሳታሚዎች በነፃ የተነበበ ነገር ማን ይገዛል ብለው ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንባቢው ኮሜንት ሲጽፍ፣ ደራሲው ሲመልስለት፣ ታሪኩን ለጓደኛው ሼር ሲያደርግ ከርሟልና መጽሐፉን የገዛው እንደሚያውቀው ሰው ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ተከታያቸውን ፌስቡክ ላይ ብቻ አልተዉትም፤ የራሳቸው ወደሆነ፣ ዋጋ ወዳለው፣ በእጅ ወደሚያዝ ነገር አሻገሩት።

ያላሻገሩት ብዙም ሳይቆይ ተጎዱ። ፌስቡክ በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ከገጾች ይልቅ የወዳጅ ዘመድ ልጥፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። መቶ ሺህ ተከታይ አለኝ የሚል ገጽ ቁጥሩ ሳይነካ የሚያየው ሰው ሳሳ። ቀሪው መንገድ ከፍሎ ማሳየት ሆነ፤ «ቡስት» ማድረግ። ለዚህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ብር ተቀብለው በውጭ አገር ካርድ ቡስት የሚያደርጉ ደላሎች ገቡ፤ ዋጋቸውም የጥቁር ገበያውን ምንዛሪ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን የማስታወቂያ ዋጋም በብር ሲሰላ አብሮ ጨመረ። እንግዲህ ቁልፍ የለበትም የተባለው ገበያ ቁልፉን በዶላር መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው።

የዩትዩብ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የቪዲዮ ድረ ገጹ ድሬቱብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲጀምር በአገር ውስጥ ቪዲዮ ማየት ቅንጦት ነበር፤ አብዛኛው ተመልካች ውጭ አገር ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ሲቀንስ የአገር ቤቱ ተመልካችም ተቀላቀለ። ይሁን እንጂ የውጩ ተመልካች ሚዛኑን አልለቀቀም። ዩትዩብ የሚከፍለው ተመልካቹ በሚገኝበት ገበያ የማስታወቂያ ዋጋ ልክ ስለሆነ ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው አብነት ተቀምጠው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ያስገኛል። የአማርኛ ዩትዩብ ለምን በናፍቆት፣ በጠፋ ዘመድ ፍለጋ፣ በእናትና ልጅ መገናኘትና በለቅሶ እንደተሞላ የሚገርመው ሰው ካለ፣ መልሱ ከባህላችን ይልቅ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። ርዕሱ ላይ የሚለጠፈው «ጉድ ተሰማ»ም የዚሁ ሒሳብ ውጤት ነው፤ አንድ ጊዜ ያስከፍታል፣ ሦስተኛው ላይ ተመልካቹን ያባርራል።

የቆዩት በሌላ መንገድ የሄዱ ናቸው። ሰይፉ ፋንታሁን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ይዞት የመጣው ለዓመታት የተገነባ ስም ነበር። ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ትዩብ ቤተሰብ አብሮ ሊያየው የሚችል ዝግጅት አቀረበ፤ ይህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። የዚህ ዓይነቱ እምነት አቅም ምን ያህል እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. ታየ። ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ሕንፃ በዩትዩብ ቀጥታ ሥርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰበሰበ። ገንዘቡን ያመጣው የመድረኩ ስሌት ቢሆን ኖሮ ሌላውም ቻናል ይህን ባደረገ ነበር።

ቲክቶክ ሰው በማሰባሰብ ተወዳዳሪ የለውም። ስም የሌለው ልጅ በአንድ ቪዲዮ ከሚሊዮን ሰው ፊት ሊቆም ይችላል፤ ምክንያቱም መድረኩ የሚያሳየው የምትከተለውን ሳይሆን ያቆይሃል ብሎ የገመተውን ነው። ክፍያው ላይ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ፈጣሪ በሩ ጠባብ ነው፤ ረዘም ላለ ቪዲዮ በእይታ ልክ የሚከፍለው ፕሮግራም የተከፈተው ለጥቂት አገሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት «ላይቭ» ተከፍቶ ስጦታ ይለመናል፣ «ባትል» ይገጠማል፤ አብዛኛው ሰጪ ባሕር ማዶ ያለ ወገን ነው። ገንዘቡ እውነት ነው። ነገር ግን ለስድብ ግጥሚያ የተሰበሰበ ሰው ጫማ ሊገዛ አልመጣም፤ ይህን ያልተረዱ ድርጅቶች ትልቅ ቁጥር አይተው ከፍለው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

ቴሌግራም ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የንግዱ ልብ እዚያ ነውና። ቻናል የሚባለው አገልግሎት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ነው። በቀጭን ኔትወርክ ይሠራል፣ ፎቶ ቶሎ ይጭናል፣ የላከውን ለተመዘገበው ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ያደርሳል። በመሃል ገብቶ «ይህን አታሳይ» የሚል ስሌት የለም። ለመርካቶ ነጋዴ ይህ መጋዘኑን በሰው ኪስ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት አዲስ የገባው ዕቃ ፎቶ ይለቀቃል፤ ቁጥሩ ከ37 እስከ 41፣ «ውስን ፍሬ ነው ያለን»፣ ስልክ፣ አድራሻ። ገዢው ኢንቦክስ ይገባል፣ በቴሌብር ይልካል፣ ስክሪንሹቱን ያሳያል፣ ዕቃው በሞተረኛ ይደርሰዋል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ማፍራቱ ይህን ሰንሰለት ዘግቶታል፤ ከዚያ በፊት ብዙው ገዢ ባንክ ቤት ተሰልፎ የገቢ ደረሰኝ ፎቶ ይልክ ነበር።

የቴሌግራም ችግር ሰው ራሱ ፈልጎ ካልመጣ የሚያመጣው አለመኖሩ ነው። ለዚህ ነው አሁን የሥራ ክፍፍል የተፈጠረው፤ ቲክቶክ ያሳያል፣ ቴሌግራም ይሸጣል፣ ስልኩ ያጸናል። ልምድ ያላቸው ሻጮች ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዉን ወደ ቻናሉ ለመውሰድ እንጂ ቪዲዮው ላይ ለመሸጥ አይደለም። አቋራጭ የፈለጉት ደግሞ «20 ሰው አድ ላደረገ ሽልማት» ይላሉ፣ ወይም ቻናሉን ከነተመዝጋቢው ይገዛሉ። የቻናል ሽያጭ የሞቀ ገበያ አለው። ሆኖም ለፊልም ብሎ የተመዘገበ ሰው አንድ ቀን ጠዋት የሴት ቦርሳ ሲያይ ዝም ብሎ ይወጣል፤ የማይወጣውም ድምፁን አጥፍቶ ይተወዋል። በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ ከተማውን ስልክ ሲያስነካካ በአንድ ጊዜ ያበጡ ቻናሎች ነበሩ፤ ጨዋታው ሲያበቃ ሰዉም አበቃ። በዚያው ዓመት ቴሌግራም ከ1,000 በላይ ተመዝጋቢ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያ ገቢውን ግማሽ ቶን በተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ ማካፈል መጀመሩ ደግሞ ቁጥር ማሳበጡን አባሰው።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኬቨን ኬሊ በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ፈጣሪ ለመኖር አንድ ሺህ እውነተኛ ወዳጅ ይበቃዋል ብሎ ነበር። የእሱ ሒሳብ እያንዳንዱ በዓመት መቶ ዶላር ያወጣል በሚል የተሠራ ስለሆነ እንዳለ አይገጥመንም። አሳቡ ግን ለአብነት ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሚመለሱ ሦስት መቶ ቤተሰቦች ያሉት ልብስ ሻጭ ሠላሳ ሺህ ተመልካች ካለው ይልቅ ተረጋግቶ ይተኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መድረኩ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩትዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። ቪፒኤን የጫነው ቀጠለ፤ ያልጫነው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋውና ገንዘብ ያለው ገዢ፣ ጠፋ። የደንበኛውን ስልክ ቁጥር በደብተር ይዞ የነበረ ሻጭ ደውሎ ሠራ። ስለ ዲጂታል ግብይት ከሚሰጡ ሥልጠናዎች ብዙዎቹ ይህን የደብተር ጉዳይ ሲያነሱ አለመስማቴ ይገርመኛል።

ሕጉም ቁጥሩን ማንበብ ጀምሯል። የማስታወቂያ አዋጅ 759/2004 የተጻፈው ኢንፍሉዌንሰር የሚባል ሥራ ሳይታወቅ ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ግን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨን ሰው ቅጣት ከፍ ያደርጋል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያም ከዲጂታል ይዘት የሚገኝን ገቢ ግብር ውስጥ አስገብቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቢራ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ መውጣቱም የስፖንሰሩን ገንዘብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ገፍቶታል።

በሰፈሩ የሚሰማው ክርክር ግን ከአዋጅ ይልቅ ቅርብ ነው። ባለ ሱቁ ኪራይና ግብር ይከፍላል፤ ቴሌግራም ላይ ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ ሱቅም ፈቃድም የለውም። ገዢዋ ሱቅ ገብታ ጫማውን ትለካለች፣ ቁጥሯን ታውቃለች፣ ወጥታ ከቻናል በሃምሳ ብር ቅናሽ ታዛለች። ባለ ሱቁ ያማርራል። ከዚያ ያ ወጣት ይደውልለታል፤ መጋዘን ስለሌለው የለጠፈው ፎቶ የዚሁ ሱቅ መደርደሪያ ነው፣ ትዕዛዝ ሲደርሰው የሚገዛውም ከዚሁ ሱቅ በጅምላ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ጭቅጭቁም አይቆምም። ገዢዋ ለሚቀጥለው በዓል ጫማ ስትፈልግ ግን ስልኳ ላይ የምታገኘው የቻናሉን ስም ነው፤ ባለ ሱቁ ማን እንደሆነ አታውቅም።