አርማታ ውሃ የሚወደው በጊዜው ነው

ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ወደ መንደር ገባ ያለ ሰው በየአጥሩ ሥር የተቆለለ አሸዋ፣ የተደረደረ ብሎኬትና ለቀጣዩ ፎቅ ብሎ ወደ ላይ የተተወ ፌሮ ማየቱ አይቀርም። አቅም ያጠረው የጭቃ ቤት እንኳ ወለሉ ሊሾ ነው። ሲሚንቶ ያልነካው ግቢ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጠባዩን የሚያውቅ ባለቤት ግን ብዙ አይደለም። ጠባዩ ከውሃ ጋር ባለው ነገር ይጠቃለላል፦ ሲቦካ ጥቂት፣ ከተሞላ በኋላ ብዙ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳይደርስበት።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሌላ ማዕድን ስለሚሆን ነው። ለዚህ የሚበቃው ውሃ ደግሞ ትንሽ ነው። ግንባታ ላይ መስፈሪያ የሚሆነው የእንጨት ሳጥን 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 36 ሊትር ይይዛል፤ ከ50 ኪሎ ሲሚንቶ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ለኮሎንና ለሶሌታ በተለምዶ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይሰፈራል፤ ውሃው 25 ሊትር ገደማ ነው። ቡኮው ለአካፋ ሲከብድ «ትንሽ ይቅጠን» ተብሎ የሚጨመረው ባልዲ ነው ጉዳቱ። ትርፉ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

አሸዋውም ሳይፈተሽ አይገባም። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ በውሃ በጥብጦ ማሳደር ነው፤ ሲረጋ ደለሉ ለብቻው ከላይ ይነጠፋል። የአገራችን ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል አይፈቅድም፤ ከበለጠ ይታጠባል፣ አለዚያ ይመለሳል።

አርማታው ተሞልቶ ሲጠጥር ሠራተኛው ይበተናል፤ ዋናው ሥራ ግን ያኔ ይጀምራል። የበጋ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ቶሎ ስለሚመጥጡት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ማጠጣት ያስፈልጋል። እሳተ ገሞራ አመጣሽ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገባበት ፒፒሲ ሲሚንቶ ከመደበኛው ኦፒሲ ዘግይቶ ስለሚጠነክር እስከ 14 ቀን ቢጠጣ ይመረጣል። ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ውሃ ጠላት ይሆናል። ሶሌታ ላይ የተኛ የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። በላዩ ልስን መለጠፍ መደበቅ ብቻ ነው። የላላውን ቀርፎ፣ ብረቱን እስኪነጣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ነው የሚጠገነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የሮቶ ታንከር ክብደትም ይታሰብበት፤ 2,000 ሊትር ሲሞላ ሁለት ቶን ነው።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም ይዞ ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ አፈሩ ወጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል፤ የአሸንዳው ውሃም ከመሠረቱ ርቆ ይፈስሳል።

ግድግዳ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ላይ ጄሶ አሻግሮ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ነው። ከወራት በኋላ ጄሶው ደህና ከሆነ ልስን ይበቃል፤ ከተሰበረ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነውና ከለሳኙ በፊት መሐንዲስ ይጠራ።