ሐረግ በመንገድ ላይ ስለ መሣል

በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለው የሐረግ ጌጥ ሰፊ ቤት አይሻም። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት የተጻፉት የጉንዳ ጉንዴ መጻሕፍት በዚህ ጌጥ የታወቁ ናቸው። ለመንገደኛ ግን የተቀረጸ የመቃ ብርዕ፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም የያዙ ሁለት ቀንዶች፤ ጥቂት ብራናና የቆዳ ከረጢት ይበቁታል። ቀንዱም ጫፉ ሹል ስለ ሆነ በመሬት ተተክሎ ይቆማል።

እኛም ከልጃችን ጋራ ወደ አገር ቤት ስንጓዝ በቅሎይቱ ተሰናክላ የቀዩ ቀለም ቀንድ ተሰበረ። ከረጢቱን አጥብቆ ያላሠረ እርሱ ነበርና ተቈጥተን ገሠጽነው። ከዛፍ ጥላ ዐርፈን በጥቁሩ ብቻ ሐረግ ስንጀምር፤ ልጁ ዝም ብሎ ሲመለከት ቈየና፤ «አባባ፤ ይህ ሐረግ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በላይ አለፈ» አለን። እውነቱን ነበር፤ በላይ ያለፈ ጉንጉን ቀጥሎ በታች ማለፍ ይገባዋልና። ቀዩ ቀለም ቢኖር ስሕተታችንን በሸፈነው ነበር። እኛም ስለ ቍጣችን አፍረን ብርዑን ለእርሱ ሰጠነው።

ስለዚህ፤ ወላጆች ሆይ፤ የመንገድ ስንቅ ስታሰናዱ ለልጃችሁ አንድ ብርዕና ጥቂት ቀለም ጨምሩለት። የፈሰሰ ቀለም ይተካል፤ በቍጣ የተሰበረ የልጅ ልብ ግን እንደ ቀንድ በሌላ አይለወጥም።