በጠርሙሱ ውስጥ የተገኘውና ያልተገኘው



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንድ አባት የጻፉልን ደብዳቤ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አባባ፣ ሳይንቲስቶች ሕይወትን በጠርሙስ ውስጥ ሠርተዋል» ይላቸዋል። እሳቸውም «አዑዙ ቢላህ! ደግመህ እንዳትለው፤ ፈጽሞ ውሸት ነው» ብለው ይቆጡታል። ልጁ ምንም ሳይመልስ መጽሐፉን አምጥቶ የሙከራውን ሥዕል ያሳያቸዋል። «ከዚያ ወዲህ ስለ ዲን ስነግረው እንደ ድሮው ልቡን ሰጥቶ አያዳምጠኝም። ምን ልበለው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ደብዳቤው እኛንም ነክቶናል። ከዚህ ቀደም በዚሁ ዝግጅታችን ይህንኑ ሙከራ በጨረፍታ አንስተን «ከንቱ ሆኖ የቀረ ነገር ነው» ብለን ነበር። አጣርተን አልተናገርንም። ስለዚህ የዛሬው ማብራሪያችን እርማትም ጭምር መሆኑን ከወዲሁ እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስታንሊ ሚለር የተባለ ወጣት የድኅረ ምረቃ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ሃሮልድ ዩሬ የሚባሉ ፕሮፌሰር የሰጡትን ንግግር ያዳምጣል። ዩሬ በ1934 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ዕውቅ ሰው ናቸው። ሐሳባቸውም፣ ምድር ገና ሕይወት ባልነበረባት ዘመን አየሯ እንደዛሬው ኦክስጅን ያለበት ሳይሆን ሜቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጂን የበዛበት ነበር፤ በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚገነቡባቸው ኬሚካሎች ሊገኙ ይችላሉ የሚል ነበር። ሚለር በ1952 ወደ ፕሮፌሰሩ ሄዶ ይህንን በሙከራ ልየው አላቸው። ዩሬ መጀመሪያ አልወደዱለትም። ለመመረቂያ የሚሆን ውጤት ሳያገኝ ጊዜው ያልፍበታል ብለው ሰጉ። አልመለስ ሲላቸው ግን የጊዜ ገደብ ሰጥተው ፈቀዱለት። ሚለር ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነበር።

መሣሪያውን መረዳት አያስቸግርም። ድስት ከድነን ስናፈላ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ሲንጠባጠብ ሁላችንም እናያለን። የሚለርም መሣሪያ ሥራው እንዲሁ ነው። ከታች ባለው ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ይፈላል፤ ይህ የጥንቱን ባሕር ይወክላል። እንፋሎቱ በቱቦ ወጥቶ አምስት ሊትር ወደሚይዝ ትልቅ ብልቃጥ ይገባና ከሦስቱ ጋዞች ጋር ይቀላቀላል። እዚያም በሁለት ዘንጎች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያለማቋረጥ ይንጣጣል፤ መብረቅ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ ያደርገዋል፤ ይህም ዝናብ መሆኑ ነው። ውሃው ወደ ታችኛው ብልቃጥ ተመልሶ እንደገና ይፈላል። እንዲህ እየዞረ አንድ ሳምንት ሞላው።

በመጀመሪያው ቀን ውሃው ቀላ ማለት ጀመረ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደፍርሶ ደማቅ ቀይ ሆነ። ሚለር ረቂቅ ተሕዋስያን እንዳይራቡበትና ውጤቱን እንዳያበላሹበት የሜርኩሪ ውሕድ ጨመረበት። ከዚያም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ ሲመረምረው አሚኖ አሲዶችን አገኘ። ግላይሲንንና ሁለት ዓይነት አላኒንን በእርግጠኝነት ለየ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ያሉ ይመስላል፣ ግን ርግጠኛ አይደለሁም ብሎ ጻፈ። (በአንድ ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ የ22 ዓመት ወጣት «ርግጠኛ አይደለሁም» ማለቱን ልብ በሉልን!) ጽሑፉ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1953 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ዩሬ ስማቸው እንዳይገባ አደረጉ። የእሳቸው ስም ካለበት ሰው ሁሉ ሥራውን ለእሳቸው እንደሚሰጥና ተማሪያቸው እንደሚረሳ ያውቁ ነበር።

ለመሆኑ አሚኖ አሲድ ምንድን ነው? ጡንቻችን፣ ፀጉራችን፣ በደማችን ውስጥ አየር የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን፣ ሁሉም ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ደግሞ የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። እንግዲህ በጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው ጡብ ነው። ቤት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ኢንሱሊንን ያውቃል። ኢንሱሊን ከትንንሾቹ ፕሮቲኖች አንዱ ሲሆን 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ሰንሰለት፣ እያንዳንዳቸው በተወሰነላቸው ቦታ ተቀጣጥለው የሚሠሩት ነው። ከቦታቸው ቢዛነፉ ሥራውን በአግባቡ ላይሠራ ይችላል። ኢንሱሊንም ቢሆን ራሱ ሕይወት የለውም። የሚበላ፣ የሚያድግ፣ ራሱን የሚያባዛ ሕዋስ ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶች እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አላቸው። የሕያዋን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከግራዎቹ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ብልጭታው የሚያወጣው ግን ግራና ቀኙን እኩል ነው። ይህ ምርጫ እንዴት እንደመጣ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«ከሽፏል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? በኋላ የተነሡ ብዙ የምድር አጥኚዎች የጥንቱ አየር ዩሬ እንዳሰቡት ሳይሆን በአመዛኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጂን ሳይሆን አይቀርም አሉ። በእንዲህ ያለ አየር ሙከራው ሲደገም የሚገኘው አሚኖ አሲድ በጣም ያንሳል። እኛም ይህችን ብቻ ሰምተን ነበር የተናገርነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1969 አውስትራሊያ ውስጥ ሙርቺሰን በምትባል ከተማ አጠገብ በወደቀ የሰማይ ድንጋይ ውስጥ ብዙ አሚኖ አሲዶች ተገኙ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ መንኮራኩር ቤኑ ከተባለች ትንሽ የጠፈር አካል 121 ግራም ያህል አፈርና ጠጠር ይዛ ተመለሰች። በ2025 በወጣው ውጤት ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች 14ቱ በዚያ ውስጥ አሉ። ሕዋስ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ጡቡ ያለ ሕያው ነገር ሊገኝ መቻሉን ዛሬ መካድ አይቻልም።

በጣም ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ሚለር በ2007 ሲሞት የቀድሞ ተማሪው ጄፍሪ ባዳ የመምህሩን ዕቃዎች ተረከበ። በካርቶኖቹ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከተደረጉት ሙከራዎች የተረፈ ዝቃጭ በትንንሽ ብልቃጦች፣ ምልክት ተጽፎባቸው ተቀምጧል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እንፋሎቱ በኃይል እየተረጨ ወደ ብልጭታው እንዲገባ ተደርጎ፣ የእሳተ ገሞራ ጢስ እንዲመስል ከተሠራ መሣሪያ የወጡ ናቸው። በዘመናዊ መሣሪያ ሲመረመሩ 22 አሚኖ አሲዶች ተገኙባቸው፤ በ2008 ይፋ ሆነ። ሚለር በማጣሪያ ወረቀቱ ሊያያቸው አልቻለም እንጂ በእጁ ነበሩ።

በ2021 ደግሞ የስፔንና የጣሊያን ተመራማሪዎች ማንም ልብ ያላለውን ጠየቁ፤ ጠርሙሱ ራሱስ? ሙከራውን አንድ ጊዜ በመስታወት፣ አንድ ጊዜ በማያጣብቅ መጥበሻ ላይ በሚቀባው በቴፍሎን በተሠራ ዕቃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቴፍሎኑ ውስጥ የመስታወት ስባሪ ጨምረው ደገሙት። ብዙ ዓይነት ውሕድ የተገኘው በመስታወቱ ነው። አሞኒያ ያለበት ውሃ መስታወቱን በጥቂቱ እያሟሟ ከውስጡ ሲሊካ ያወጣል፤ ይህም ለኬሚካሎቹ መገናኛ ይሆናቸዋል። የጥንቷ ምድር ድንጋዮችም ሲሊካ የበዛባቸው ናቸው። ዕቃ ብቻ ነው የተባለው ከሥራው ተካፋይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። ወንድማችን ሆይ፣ ልጅዎ ሙከራ ተደርጓል ማለቱ እውነት ነው፤ ሕይወት ተሠርቷል ማለቱ ግን ስሕተት ነው። እርስዎም ሁለቱን አንድ ላይ «ውሸት» ስላሉት ነው ሥዕሉን ሲያይ የተጠራጠርዎት። ሕይወት ሰጪው አላህ (ሱ.ወ.) ነው የምንለው ሳይንቲስቶች ሊደርሱበት ያልቻሉት ቀዳዳ ስለተረፈን አይደለም። ዝናብ ከደመና እንዴት እንደሚወርድ መማራችን የዝናቡን ባለቤት አላስረሳንም። እምነታችንን «ይህን አልቻሉም» በሚል ላይ ካቆምነው የቻሉ ቀን ልጆቻችን ፊት ምን ልንል ነው? በሌላም በኩል ያልቻሉትን ችለዋል ብሎ የሚያስተምር ካለ፣ የሚለርን ጽሑፍ አላነበበም።

ስለዚህ ከልጅዎ ጋር መጽሐፉን እንደገና ግለጡት። ሥዕሉን እሱ ያስረዳዎት፤ እርስዎ ያዳምጡት። ሲጨርስ «ያ ውሃ ደማቅ ቀይ የሆነው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ በመጽሐፉ ላይ ላይኖር ይችላል። ሚለር ግን በ1953 ጽፎታል፤ ድፍርሱ ከመስታወቱ የወጣ ሲሊካ ነው፣ ቅላቱም በሲሊካው ላይ የተጣበቁት ውሕዶች ናቸው ብሎ።