የሐይቅ ዳር ማረፊያና የማገዶው ጉዳይ

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ በየሐይቁ ዳር አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው ትናንሽ ማረፊያ ቦታዎች አሉ። መኝታና ማድ ቤት ያለው መኪና ይዞ የሚመጣ እንግዳ የቦታ ኪራይ ይከፍላል፤ በረዶና ማገዶም ከባለቤቶቹ ይገዛል። ገበያው የሚደራው ከግንቦት ማለቂያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ስለሆነ፣ የሦስት ወር ገቢ ዓመቱን ማኖር አለበት።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ከእስያ ሳይገባ አልቀረም የሚባል ጥንዚዛ ተገኘ፤ «አሽ» የተባሉትን ባለ ጥላ ዛፎችም በሚሊዮን አደረቀ። ማገዶ ከቦታ ቦታ ሲጓዝ ተባዩ ስለሚዛመት፣ እንግዳው ከሩቅ እንዳያመጣ ተነገረው።

ስለዚህ ላኪም ሆነ አስመጪ፣ የማሸጊያው እንጨት በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመ ወይም በመድኃኒት የታጠነ መሆኑን የሚያስረዳውን ማኅተም መመልከት ይገባዋል።