ሦስት ወንበር የጎደለው መንግሥትና የካናዳ ሉዓላዊነት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 በተካሄደው የካናዳ ምርጫ፣ በማርክ ካርኒ የሚመራው ሊበራል ፓርቲ 343 መቀመጫ ካለው የታችኛው ምክር ቤት 169ኙን ቢያሸንፍም፣ ለአብላጫ ከሚያስፈልገው 172 ሦስት ስለጎደለው አናሳ መንግሥት ለመመሥረት ተገደደ። አናሳ መንግሥት የሚባለው፣ ገዥው ፓርቲ ከግማሽ በላይ መቀመጫ ሳይዝና ከሌሎች ጋር ጥምረት ሳይፈጥር ሥልጣን ላይ ሲቀመጥ ነው፤ በበጀትና በመሳሰሉት የመተማመኛ ድምፅ በሚሰጥባቸው ጉዳዮች ከተሸነፈ ይወድቃል።

ይህ መንግሥት የተወለደው የአገሪቱ ህልውና ጥያቄ ውስጥ በገባበት ወቅት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ካናዳ 51ኛዋ ግዛት እንድትሆን ደጋግመው ከመናገራቸውም በላይ፣ ለዚህ ዓላማ የኢኮኖሚ ጫና እንደሚጠቀሙ በይፋ አስታውቀው፣ በማርች ወር በአብዛኛው የካናዳ ምርት ላይ 25 በመቶ ታሪፍ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈል ቀረጥ ጣሉ። በሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት የተሸፈኑት ዕቃዎች ወዲያው ነፃ ቢወጡም፣ በብረትና በአልሙኒየም ላይ የተጣለው ቀረጥ በጁን ወር 50 በመቶ ደረሰ። ካናዳ ወደ ውጭ ትልከው ከነበረው ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉን ይገዛ የነበረው ይኸው ጎረቤት በመሆኑ፣ ዛቻው ድንበር ላይ ሠራዊት ሳያሰልፍ በየፋብሪካው በር ገባ። የሁለት አገሮችን ማዕከላዊ ባንክ የመሩት፣ ከዚያ በፊት ግን ለምክር ቤት ተወዳድረው የማያውቁት ካርኒ፣ በጃንዋሪ ወር በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከሃያ ነጥብ በላይ ይመራ የነበረውን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ያሸነፉት በዚህ ማዕበል ውስጥ ነበር ቢባል ስህተት አይሆንም።

ሜይ 27 ቀን የካናዳ ርዕሰ ብሔር የሆኑት ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ኦታዋ ተገኝተው የመንግሥቱን ዕቅድ የሚያስታውቀውን የዙፋን ንግግር አደረጉ። ከ1977 ወዲህ ይህን ንግግር በአካል ያቀረበ ንጉሥም ሆነ ንግሥት አልነበረም፤ መልእክቱም ለዋሽንግተን ግልጽ ነበር።

ይሁን እንጂ የሉዓላዊነት እውነተኛ ፈተና ከሥነ ሥርዓት አዳራሽ ውጭ ነው። ካናዳ በትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ገቢ ላይ ያወጣችውን 3 በመቶ የዲጂታል አገልግሎት ግብር፣ ትራምፕ የንግድ ድርድሩን በማቋረጣቸው፣ ክፍያው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ሰረዘች። የራስን ግብር በራስ ምክር ቤት የመወሰን መብት የሉዓላዊነት እምብርት በመሆኑ፣ ድርድሩን ለማስቀጠል የተከፈለው ይህ ዋጋ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሌላ በኩል መንግሥቱ በክፍላተ አገራት መካከል ያለውን የንግድ እንቅፋት የሚቀንስና ትልልቅ ግንባታዎችን የሚያፋጥን ሕግ፣ ከተቃዋሚው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ድጋፍ ጭምር አግኝቶ በጁን ወር አስጸደቀ፤ የምድሪቱ ቀደምት ሕዝቦች መሪዎች ግን በቂ ምክክር ሳይደረግ በመሬታቸው ላይ ሊወሰን ነው ሲሉ ተቃወሙ። ጎረቤትን መብቴን አክብር የሚል መንግሥት ይህን ጥያቄ በቀና ልብ ማድመጥ ይኖርበታል።

የመንግሥቱ አናሳነት ራሱም ተፈተነ፤ ኖቬምበር 17 ቀን በጀቱ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ሁለት የአዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲና ሁለት የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት ድምፅ ባለመስጠታቸው፣ መንግሥቱ 170 ለ168 በሆነ ውጤት ተረፈ።