የልጆች ጨዋታ መንግሥት፤ ደንቡና ሹመቱ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንደሮች ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰበሰቡትን ልጆች ከሩቅ ለሚመለከት ሰው፣ ጨዋታቸው ሩጫና ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። ጥቂት ታግሦ ቢመለከት ግን በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ሹመትም፣ ሕግም፣ ፍርድም መኖሩን ይገነዘባል። ሕጉ ደካማ በሆነበት ሜዳ ደግሞ ኳሱን ያመጣው ልጅ «ኳሱ የኔ ነው» ብሎ ጨዋታውን በትኖ ወደ ቤቱ ሲገባ ያያል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለወላጆች ልናስረዳ ያሰብነው፣ ልጆች በጨዋታቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ደንብና ሹመት እንዴት ቢሆን እንደሚበጅ ነው።

እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ. ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቤተ ሰቦች ይኖሩባቸዋል። ስለዚህ በአንድ ሜዳ የሚገናኙት ልጆች እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው የለመዱትን ደንብ ይዘው ይመጣሉ። ሩርን በቆልማማ ዱላ እየመቱ የሚጫወቱትን ጨዋታ አንዱ «ገና» ሲለው ሌላው «ቂሌ» ይለዋል። ጨዋታው ተቀራራቢ ቢሆንም አስቀድሞ ስምምነት ከሌለ ጠብ ያመጣል።

በቀድሞው የገና ጨዋታ የሜዳው ወሰንና የተጫዋቹ ቁጥር በጽሑፍ የተወሰነ አልነበረም። መንደር ከመንደር፣ ያገባ ካላገባ ጋር ይገጥም ነበር። ሎሌ ከጌታው ጋር ሲጋፋ ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያዝዝ ነበር። ይህ ልማድ ራሱ ታላቅ ሕግ ነው፤ ከውጭ ይዘውት የመጡት ክብርና ሀብት በሜዳ ላይ እንደማይሠራ ያስተምራልና። ዛሬ በባህል ስፖርት ውድድር ገና የተጻፈ ደንብና ዳኛ አለው።

ልጆችም ከማንም ሳይማሩ ያገኙት ብልሃት አላቸው። ቡድን ሲከፍሉ በጉልበት የሚመጣጠኑ ሁለት ልጆች ይጣመሩና ገለል ብለው «ወርቅ» እና «ብር» እንደ ማለት ስውር ስም ያወጣሉ። ከዚያም የቡድኑ አባት ማን የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቅ አንዱን ስም ይመርጣል። በዚህም አድልዎ ይቀራል፤ ደካማውም ልጅ ሳይመረጥ ቆሞ አያፍርም።

ስለ ሹመት ደግሞ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እነዚህ ከተሞች በሚገኙበት በቱለማ ኦሮሞ ምድር የቆየው የገዳ ሥርዓት፣ በ2009 ዓ. ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የተመዘገበው፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ያዝዛል። ሥራውም የተከፋፈለ ነው፤ አባ ገዳው ይመራል፣ አባ ዱላው የጦር ሥራ ይዟል፣ አባ ሴራው ሕግን ይጠብቃል። በየቤታችንም የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ አለው፣ እቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ነቢዩ ሙሴም ቢሆን በአማቱ በዮቶር ምክር የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን የሾመው፣ ፍርድ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ወጣቶችም በዚሁ ጉዳይ ይደክማሉ። አንድ የአይስላንድ ኩባንያ በ1995 ዓ. ም. ባወጣው «ኢቭ ኦንላይን» በተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቾች ከ2000 ዓ. ም. ጀምሮ በድምፅ የሚመርጡት ምክር ቤት አላቸው። ምክር ቤቱ የተጫዋቾችን አሳብ ለኩባንያው ያቀርባል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የኩባንያው ነው። እዚያም ቢሆን የኳሱ ባለቤት ኳሱን እንደ ያዘ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ለመንደር ልጆች አምስት ነገሮች ይበቃሉ እንላለን። አንደኛ፣ ደንቡ ጥቂት ይሁን፤ ሳይጻፍ ሁሉም በቃሉ ሊይዘው ይቻል። ሁለተኛ፣ ደንብ የሚለወጠው ከጨዋታ በፊት እንጂ በጨዋታ መካከል አይሁን፤ አለዚያ የተሸነፈው ሁሉ ሕግ አውጪ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ዳኛው በዚያ ዙር የማይጫወት ይሁን፤ ሹመቱም ከሳምንት አይለፍ፤ ተራውም ለሴቱም ለወንዱም፣ ለታናሹም ይድረስ። አራተኛ፣ ኳስ ያመጣ ልጅ ይመስገን፣ ኳሱም ይጠበቅለት፤ ስለ ኳሱ ግን ዳኝነት አይሰጠው። አምስተኛ፣ የተበደለ ልጅ አቤት የሚልበት አንድ ታላቅ ልጅ ይኑር።

ወላጆች ሆይ፣ የእኛ ድርሻ ደንቡን ማውጣት አይደለም። ደም ወይም ዱላ ካልመጣ በቀር ገብተን ብንፈርድ፣ ልጆቹ ነገ በራሳቸው መፍረድን አይማሩም። ይልቁንም ልጃችን ተሸንፎ ሲመጣ «ማን አሸነፈ?» ከማለት በፊት «ፍርዱን ተቀበልህ ወይ?» ብለን እንጠይቀው። ሜዳው በቤት ሥራ እየጠበበ ባለበት በዚህ ዘመን የቀረችውን ቁራሽ መሬት ለልጆች ማስከበርም የእኛው ሥራ ነው። ተሸንፎ በሰላም መውጣትን፣ ተሹሞም በጊዜው መውረድን በዚያች መሬት ላይ ያልተማረ ልጅ፣ አድጎ በእድሩም በሸንጎውም ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ይሆናልና።